ካርዴ ጊዜው አለፈ፣ ፒአርነቴ ግን አልጠፋም፦ ከአዲስ አበባ ወደ ቶሮንቶ የመለሰኝ የኢሚግሬሽን አማካሪ

ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልናገር። የካናዳ ፒአር (የቋሚ ነዋሪነት) ካርዳችሁ ጊዜው ስላለፈ ብቻ ፒአርነታችሁ አይጠፋም። እኔ ይህን በትክክል የተረዳሁት ከባለቤቴ ጋር አዲስ አበባ አራት ዓመት ተኩል ከኖርኩ በኋላ ነው። ከመረዳቴ በፊት ግን አንድ ወረቀት ልፈርም ትንሽ ነበር የቀረኝ። ብፈርም ኖሮ ያለኝን መብት በገዛ እጄ መልሼ ነበር።

ዛሬ የምጽፈው ከዚያ ወረቀት ስላዳነኝ አገልግሎት ነው፤ ቶሮንቶ ስላለች ፈቃድ ያላት የኢሚግሬሽን አማካሪ። የቢሮዋን ስም አልጽፍም። እንዴት እንደሠራችልኝ ካወቃችሁ ግን እናንተ የምትቀጥሩትን ሰው በዚያ መለካት ትችላላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶሮንቶ የገባሁት ሰኔ 2017 ነው። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ ነው፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ታዩታላችሁ።) ስፖንሰር አድርጎ ያመጣኝ ባለቤቴ ያኔ ሲቲዝን ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎታል። ልጃችን በዓመቱ እዚያው ተወለደች። በ2019 አማቴ በጠና ታመሙ፣ ባለቤቴም አዲስ አበባ ሥራ አገኘ። መስከረም ላይ ሦስታችንም አንድ ላይ በአንድ አውሮፕላን ወጣን። ለአንድ ዓመት ብለን ነበር። ከዚያ ኮቪድ መጣ፣ የእማማ ሕመም በረታ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ገባች፣ እኔም በ2022 ካርዴ ጊዜው ሲያልፍ እሱን የማስብበት ሁኔታ ላይ አልነበርኩም። እማማ በ2023 መጨረሻ አረፉ። ከሐዘኑ በኋላ ወደ ቤታችን እንመለስ ስንል ባለቤቴና ልጄ የካናዳ ፓስፖርት አላቸው፣ እኔ ግን ጊዜው ያለፈ ካርድ ብቻ ነው ያለኝ። በሱ ደግሞ አየር መንገድ አያሳፍርም። በአሜሪካ በኩል ሄደው ድንበሩን በግል መኪና የሚያቋርጡ ሰዎች አሉ፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን ለዚያም መጀመሪያ የአሜሪካ ቪዛ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የሄድኩት ቦሌ አካባቢ ወዳለ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ቢሮ ነው። ቢሮው ያምራል፣ ግድግዳው ላይ የካናዳ ባንዲራ አለ። ሰውየው ካርዴን አገላብጦ አየና፣ "እህቴ፣ አንቺ እኮ ከወጣሽ አምስት ዓመት ሊሞላሽ ነው። ፒአሩ ሞቷል" አለኝ። መፍትሔው ፒአሩን በፈቃዴ መመለስ፣ በቪዚተር ቪዛ መግባት፣ ከዚያ ባለቤቴ እንደገና ስፖንሰር እንዲያደርገኝ ነው አለ። ፎርሙን አውጥቶ የምፈርምበትን ቦታ በጣቱ አሳየኝ። ለመጀመሪያ ክፍያ 25,000 ብር ከፍዬ ነበር። እጄ እስክሪብቶ ላይ እያለ ስልኬ ጠራ፣ ባለቤቴ ነው። ሁሉንም ነገርኩት። "ፊርማው ነገም ይደርሳል፣ ዛሬ ግን እንዳትፈርሚ" አለኝ። ወጣሁ። ብሩ አልተመለሰልኝም። ብሩ ሳይሆን ያ ሰው ከኔ በፊት ስንቱን አስፈርሟል የሚለው ነው እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ቤት ገብተን ዲሲ ለሚኖረው ለባለቤቴ ወንድም ደወልን። እሱም አዘነልን። ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየሽማ አበቃ፣ ከመውጣትሽ በፊት ሪኢንትሪ ፐርሚት ማውጣት ነበረብሽ አለ። እሱ የሚናገረው ስለ ግሪን ካርድ ነው። ለግሪን ካርድ ትክክል ነው፤ አሜሪካኖቹ ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ ለመቆየት ላሰበ ሰው ቀድሞ የሚወጣ ፈቃድ አላቸው፣ እሱም ቢበዛ ለሁለት ዓመት ነው፣ ከሲቲዝን ባል ጋር ውጭ መኖር ብቻውንም ግሪን ካርድን አያድንም። ካናዳ ግን ሌላ አገር ነው፣ ሕጉም ሌላ ነው። እኛ ሐበሾች ደግሞ ዘመዶቻችን ግማሹ ዲሲ፣ ግማሹ ቶሮንቶ ስለሆኑ የሁለቱን አገር ሕግ ሳናውቀው እናደባልቀዋለን። እባካችሁ ምክር ስትሰሙ መጀመሪያ የየትኛው አገር እንደሆነ ጠይቁ።

አማካሪዋን ያገኘኋት ቶሮንቶ ቤተክርስቲያን አብረን እናገለግል በነበረች እህት በኩል ነው። ከመክፈሌ በፊት ስሟን አጣራሁ። ከኅዳር 2021 ጀምሮ የካናዳ የኢሚግሬሽንና የዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ የሚባል ተቆጣጣሪ አካል አለ። የአባላቱን ዝርዝር ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ በነጻ መፈለግ ይችላል። ገንዘብ ተቀብሎ በካናዳ ኢሚግሬሽን ጉዳይ የመወከል ፈቃድ ያለው የዚህ ኮሌጅ አባል፣ ወይም በካናዳ ፈቃድ ያለው ጠበቃ፣ ወይም የኩቤክ ኖተሪ የመሰለ ሰው ነው። የሷን ስምና የፈቃድ ቁጥር በአምስት ደቂቃ አገኘሁት። የቦሌውን ሰውዬ ስም ፈለግኩ፣ የለም። ይህን አምስት ደቂቃ አስቀድሜ አጥፍቼው ቢሆን ኖሮ!

የመጀመሪያው ምክክር አንድ ሰዓት ነበር፣ በቪዲዮ፣ 150 የካናዳ ዶላር። ካርዴን አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ ሦስት ነገር ነው፦ ባለቤትሽ ሲቲዝን የሆነው መቼ ነው? የተጋባችሁት መቼ ነው? ካናዳን የለቀቃችሁት አብራችሁ ነው ወይስ ለየብቻ? መልሴን ከሰማች በኋላ ወረቀት ላይ ጻፈችና ወደ ካሜራው አስጠጋችልኝ። 730 ይላል።

ፒአር የሆነ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ 730 ቀን የካናዳን የነዋሪነት ግዴታ ማሟላት አለበት። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ቀጥሎ ያለው ነው፦ ውጭ ሆናችሁ ከሲቲዝን ባል ወይም ሚስት ጋር በመደበኛነት አብራችሁ የኖራችሁበት እያንዳንዱ ቀን ካናዳ እንደኖራችሁ ይቆጠራል። የኢሚግሬሽን ሕጉ አንቀጽ 28 ላይ ተጽፎ ያለ ነገር ነው። አምስቱ ዓመት ደግሞ የሚቆጠረው ካመለከታችሁበት ቀን ወደ ኋላ ነው፣ ካርዱ ከወጣበት ቀን አይደለም። ባለቤታችሁ ሲቲዝን ከመሆኑ በፊት ያለው ጊዜ በዚህ መንገድ አይገባም፣ ከመጋባታችሁ በፊት ያለውም እንዲሁ፤ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው ለሚኖሩ ሌላ መመዘኛ አለ፣ እኔን ስለማይመለከት አልገባበትም። ለዚህ ነው ሦስቱን ጥያቄዎች ያስቀደመችው።

ያን ቀን አለቀስኩ። ከሁለት ወር በላይ ልጄንና ባሌን ለብቻቸው ልሸኝ ነው እያልኩ ስተኛ ስነሳ ነበር።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ገንዘቧ የሚገባትም እዚህ ላይ ነው። ፎርሙን፣ አይኤምኤም 5524 የሚባለውን የፒአር የጉዞ ሰነድ (የሚሠራ ካርድ ሳይኖር ወደ ካናዳ ለመሳፈር የሚያስችለው ወረቀት) ማመልከቻ፣ ማንም እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ሊሞላው ይችላል። የመንግሥት ክፍያውም 50 የካናዳ ዶላር ብቻ ነው። ከባዱ ማስረጃው ነው። እኔና ባለቤቴ አንድ ጣሪያ ሥር መኖራችንን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ ፋይላችንን የሚያየው መኮንን ግን አያውቅም፣ የሚያምነውም ወረቀት ነው። የባለቤቴን ሲቲዝን የሆነበት ቀን ያለበት ሰርተፍኬት፣ በአምስቱ ዓመት የተጠቀመባቸውን ፓስፖርቶች ሁሉንም ገጽ፣ የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ የቤት ኪራይ ውሎች፣ የቀጣሪው ደብዳቤ፣ የልጃችን የትምህርት ቤት ሪፖርት ካርድ ሁለታችንም የፈረምንበት፣ የባለቤቴ ቢጫ ካርድ። ባለቤቴ የውጭ ዜጋ ስለሆነ እዚህ የሚኖረው በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው፣ እና የኢትዮጵያ አድራሻው በመንግሥት ወረቀት ላይ መኖሩ በጣም ጠቀመን።

አንድ ቀን ረዳቷ፣ እሷ ሐበሻ ናት፣ "እድር አላችሁ?" ብላ ጠየቀችኝ። ገረመኝ። ለካ ኢሚግሬሽኑ ራሱ ከሚቀበላቸው ማስረጃዎች አንዱ የማኅበር አባልነት ነው። የእድር ደብተራችን የባልና የሚስት ስም አለው፣ ወር በወር የተከፈለበት ማኅተም አለው፣ የሰፈሩ ስም አለው። እማማ ሲያርፉ እድሩ ድንኳን የጣለበት ቀን ሳይቀር ተመዝግቧል። ያንን ደብተር ገጽ በገጽ ስካን አድርጌ ላክሁላቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እድራችንን አመስግኜ አላውቅም።

ስለ ዓመተ ምሕረቱ ደግሞ ልንገራችሁ፣ ይህ ክፍል ብቻውን የከፈልኩትን የሚያወጣ ነው። የመጀመሪያው የኪራይ ውላችን የተፈረመው መስከረም 5 ቀን 2012 ነው ይላል። በኛ አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጅ መስከረም 16 ቀን 2019 ማለት ነው። ያስተረጎምኩት ቤት ግን ወሩን ወደ እንግሊዝኛ ቀየረና ዓመቱን እንዳለ ተወው። ስለዚህ እንግሊዝኛው ላይ ውሉ በ2012 የተፈረመ ሆኗል፤ እኔ ካናዳ ከመግባቴ አምስት ዓመት በፊት! የካናዳ መኮንን ያንን ቢያይ ምን ይላል? ወይ ሐሰተኛ ውል ነው ይላል፣ ወይ ስለ መኖሪያችን የተናገርነው ውሸት ነው ይላል። ረዳቷ አራት ወረቀት ላይ ይህንኑ ስህተት ለቅማ አወጣች። ሁሉንም እንደገና አስተረጎምን፣ በእያንዳንዱ ትርጉም ላይ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑና የፈረንጅ አቻው ተጻፈበት። ከፋይሉ ፊት ደግሞ ኢትዮጵያ የራሷ ካሌንደር እንዳላትና የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት እንዳለው የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ አስገቡ። ትርጉም የምታሠሩ ሁሉ፣ ወረቀቱን ከመውሰዳችሁ በፊት ዓመቱን ራሳችሁ እዩት።

የቀኑ ቆጠራ ላይ ተጨቃጭቀናል። ማመልከቻው የገባው መጋቢት 4 ቀን 2024 ነው። ወደ ኋላ አምስት ዓመት ሲቆጠር 1,827 ቀን ይሆናል። ከዚያ ውስጥ 194ቱን ካናዳ ነበርኩ። ቀሪው 1,633 አዲስ አበባ ነው። ባለቤቴ ግን በሥራ ምክንያት ሦስት ጊዜ ቶሮንቶ ተመላልሷል፣ ሲደመር 211 ቀን። እኔ ቤታችን አንድ ነው፣ ልብሱም እዚህ ነው፣ ሊቆጠር ይገባል አልኩ። እሷ እምቢ አለች። ሕጉ በመደበኛነት አብሮ መኖር ነው የሚለው፣ አጭር ጉዞ ነገሩን ላያፈርሰው ይችላል፣ ነገር ግን የማያስፈልገንን ቀን ለምን እንከራከርበታለን አለች። ቀነሰቻቸው። 1,422 ቀርቶ ከ194ቱ ጋር 1,616 ሆነ። ከሚፈለገው ከእጥፍ በላይ ነው። ያን ጊዜ ቅር ብሎኝ ነበር፣ አሁን ሳስበው ልክ ነበረች። ከራሳችን ላይ ቀንሰን ስናቀርብ መኮንኑ የሚጠራጠርበት ቦታ አልተውንም።

ሌላ ያስተማረችኝ ነገር አለ። ማን ማንን ተከትሎ ወጣ የሚለው ጥያቄ። ሲቲዝኑ ለሥራው ሲሄድ ሚስት አብራ ከሄደች ነገሩ ቀላል ነው። ፒአሩ ግን ካርዱን ተቀብሎ ካናዳ ሳይኖር ወዲያው ወደ አገሩ ተመልሶ፣ ሲቲዝኑ በኋላ እሱ ወዳለበት ቢሄድስ? በዚህ ላይ የይግባኝ ሰሚዎችና የፌዴራል ፍርድ ቤት ውሳኔዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። እኛ ከሁለት ዓመት በላይ ቶሮንቶ አብረን ኖረን በአንድ ቀን ስለወጣን ችግር የለብንም፣ ግን እሱም ቢሆን መታየት አለበት ብላ የጉዞ ትኬቶቻችንን፣ የቀጣሪውን የቅጥር ደብዳቤና የእማማን የሕክምና ወረቀት አያይዛ አንድ ገጽ ተኩል ደብዳቤ ጻፈች። ደብዳቤው ልመና የለበትም። ቀን፣ ቦታ፣ ምክንያት፣ ማስረጃ ቁጥር ስንት ላይ እንዳለ፣ በቃ። ሳነበው ሕይወቴን ከኔ በተሻለ ቅደም ተከተል አስቀምጠውልኛል።

ያልወደድኩትም አለ። መልስ ላይ ቀርፋፋ ናቸው። ኢሜይል ልኬ አራት ቀን የጠበቅኩበት ጊዜ አለ፣ ለሚጨነቅ ሰው አራት ቀን ረጅም ነው። የሰዓቱ ልዩነት ሰባት ስምንት ሰዓት ስለሆነ የስልክ ቀጠሮ ሁሌ ማታ ላይ ነው የሚወድቅብኝ፣ ልጅ እያስተኛሁ። ውሉ ላይ ያልተጻፈ ነገር ስጠይቅ ደግሞ ተጨማሪ ክፍያ ነው። አጠቃላይ ዋጋው ከምክክሩ ጋር 1,350 ዶላር ወጣብኝ፣ ትርጉሙ ለብቻው። ለኛ ቤት ትልቅ ገንዘብ ነው። ወረቀታችሁ ንጹሕ ከሆነ፣ በሙሉ በእንግሊዝኛ ከሆነ፣ ባለቤታችሁም ካጠገባችሁ ካልራቀ፣ ለብቻችሁ አመልክታችሁ 50 ዶላሩን ብቻ መክፈል ትችላላችሁ፤ እንዲያውም የአንድ ሰዓቱን ምክክር ብቻ ገዝታችሁ ቀሪውን ራሳችሁ ብትሠሩት አይከፋም። እንደኔ የአማርኛ ወረቀት ከበዛባችሁ ግን ሰው ያዙ።

ክብር የምሰጣት በአንድ ነገር ነው፦ በሰው ፍርሃት ገንዘብ አትሠራም። ቢከለከልስ ብዬ ስጠይቃት ፊት ለፊት ነገረችኝ። ከተከለከለ በ60 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ይግባኝ ሰሚ ክፍል ማመልከት ይቻላል፣ ይግባኙ እስኪወሰን ድረስም ፒአርነቱ አይወድቅም። ቀኑ ለጎደለ ሰው ደግሞ የሰብዓዊነት ምክንያት፣ የልጅ ጥቅም፣ የታመመ ወላጅ ማስታመም የመሰለው፣ ይታይለታል። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ተጨማሪ አልጠየቀችም።

ከባለቤቴ ጋር ውጭ የኖርኩት ጊዜ ለዜግነትም ይቆጠርልኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፣ እሱን ግን ቆረጠችልኝ። ለዜግነት በአምስት ዓመት ውስጥ 1,095 ቀን ካናዳ ምድር ላይ መገኘት ያስፈልጋል። ከሲቲዝን ባል ጋር ውጭ የተኖረው ለፒአር እንጂ ለዚህ አይሆንም፣ ባልየው ለካናዳ መንግሥት ውጭ አገር የሚሠራ ካልሆነ በስተቀር። የኔ ባል አይደለም። ስለዚህ ቆጠራዬን ከዜሮ ነው የጀመርኩት።

ውጤቱ በስምንተኛው ሳምንት መጣ። ፓስፖርቴን አዲስ አበባ ላለው የቪዛ ማመልከቻ ማዕከል አስገባሁ፣ የጉዞ ሰነዱ ተለጥፎበት ተመለሰ። ስቲከር ነች፣ ትንሽ ነገር። ባለቤቴ ማታ ማታ አውጥቶ ያያት ነበር።

ቶሮንቶ ስንደርስ መኮንኑ ስንት ዓመት ቆየሽ አለኝ። አራት ዓመት ከምናምን አልኩት፣ ከማን ጋር አለ፣ ባለቤቴንና ልጄን አሳየሁት። ሰነዱን አየ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ አለን። አዲስ ካርድ ማመልከት የሚቻለው ካናዳ ውስጥ ሆኖ ነው፣ እሱንም በገባን በሁለተኛው ሳምንት ያንኑ ፋይል ይዤ ራሴ ሞላሁት፣ አማካሪ አልቀጠርኩም። ካርዱ በፖስታ ሲመጣ መጀመሪያ የደወልኩት አዲስ አበባ ለእድራችን ጸሐፊ ነው። ጋሼ ደብተሩ ካናዳ ድረስ ማስረጃ መሆኑን ሲሰሙ፣ "በይ እንግዲህ የወሩን መዋጮ እንዳትረሺ" አሉኝ። አልረሳሁም፣ እስከዛሬ እየላክን ነው።